በልጅነታቸው የተወኑ ሲያድጉ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ የመጡ ናቸው። የጠያቂዎቹን ስም አላወጣንም። የጻፉልን ወላጆችና ልጅ ሳሉ ካሜራ ፊት የቆሙ ወጣቶች ናቸው።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ማታ ከልጆቼ ጋር ቻርሊ ቻፕሊን የተጣለ ሕፃን አንሥቶ የሚያሳድግበትን ድምፅ አልባ ፊልም አየን። ሲያልቅ ትንሿ ልጄ «ልጁ አሁን የት ነው ያለው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ያ ልጅ በኋላ ምን ሆነ? (አባት፣ ከሽምብጥ)

መልስ፦ ልጁ ጃኪ ኩጋን ይባላል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1914 ሲሆን ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1921 ለሕዝብ ሲቀርብ ገና ስድስት ዓመቱ ነበር። የመድረክ ሰዎች ልጅ ስለነበር ቻፕሊን ያገኘውም መድረክ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ እሱን የማያውቅ ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል። መልኩ በአሻንጉሊትና በደብተር ላይ ሳይቀር ወጥቶ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 ለአርመንና ለግሪክ ወላጅ አልባ ሕፃናት እርዳታ እያሰባሰበ ብዙ ከተሞችን ዞረ። ለእኛ አገር አንባቢ ይህ ዓመት ሌላም ትዝታ አለው። ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባዎቹን የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ ያመጡት፣ «አርባ ልጆች» የተባለው የማርሽ ባንድም የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነው።

የኋላ ሕይወቱ ዋና ጉዳይ ግን ገንዘቡ ነው። ኩጋን በልጅነቱ ያገኘው ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር ይገመታል፤ በጊዜው ይህ እጅግ ብዙ ሀብት ነበር። አባቱ እ.ኤ.አ. በ1935 በመኪና አደጋ ሞቱ። ጃኪም እዚያው መኪና ውስጥ ነበር፤ ከተሳፋሪዎቹ የተረፈው እሱ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት 21 ሲሞላው ገንዘቡን ጠየቀ። እናቱና የገንዘቡ አስተዳዳሪ የነበረው የእንጀራ አባቱ ምንም እንደማይደርሰው ነገሩት። ክፋታቸው ብቻ አልነበረም፤ የካሊፎርኒያ ሕግ ራሱ የልጅን ገቢ የወላጅ ያደርገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 ከሰሳቸው። ክርክሩ ሲያልቅ ከዚያ ሁሉ ሚሊዮን የቀረው ወደ 250 ሺሕ ዶላር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ለእሱ የደረሰው 126 ሺሕ ነው።

ነገሩ ሕዝቡን ስላስቆጣ እ.ኤ.አ. በ1939 በእሱ ስም የሚጠራ ሕግ ወጣ። ሕጉ ግን ቀዳዳ ነበረው፤ ይሠራ የነበረው ፍርድ ቤት ባጸደቀው ውል ላይ ብቻ ስለሆነ ብዙ ውል በጎን ያልፍ ነበር። ቀዳዳው የተደፈነው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ከዚያ ወዲህ በካሊፎርኒያ ልጅ ተዋናይ ያገኘው ገቢ የራሱ የልጁ ንብረት ነው፤ ቢያንስ 15 በመቶውም እስኪያድግ ድረስ ወላጅ በማይነካው ሂሳብ ይቀመጣል።

ሰውየው ራሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተንሸራታች አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ በርማ ዘመተ። ከጦርነቱ በኋላ ለረጅም ጊዜ ትንንሽ ክፍሎችን ሲተውን ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1966 በታየ አንድ የቴሌቪዥን አስቂኝ ድራማ ራሱን ተላጭቶ መላጣ አጎት ሆኖ መጣ። ዛሬም ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በዚያ ነው። ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1984 በ69 ዓመቱ ነው። እንግዲህ ለትንሿ ልጅዎ አደገ፣ ወታደር ሆነ፣ መላጣ ሆኖ እንደገና ሰው አሳቀ ይበሏት። የገንዘቡን ጉዳይ ለትልልቆቹ ያቆዩት።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ዘጌ ላይ በተቀረጸ ተከታታይ ድራማ ተውኗል። ውል አልነበረም፤ ቀረጻው ሲያልቅ ብር በእጃችን ሰጡን። ያንን ብር ለቤት ኪራይ አዋልነው፤ እውነቱን ለመናገር ያሳፍረኛል። አሁን ለሁለተኛው ምዕራፍ ጠርተውታል። ከመስማማቴ በፊት ምን ልጠይቅ? ገንዘቡንስ እንዴት ላስቀምጥ? (እናት፣ ከግሽ ዓባይ)

መልስ፦ አይፈሩ፤ የመጀመሪያው ብር ቤት ኪራይ ቢሆን ልጁም ያደረው እዚያው ቤት ነው። ከአሁኑ ግን መስመር ያስይዙት።

በመጀመሪያ ሕጉን ይወቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት ዕረፍቱና በሕዝብ በዓል ቀን አይሠራም። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነት ቁጥር 138 ለጥበብ ትርኢት ልዩ ፈቃድ ሊሰጥ እንደሚችል ይናገራል፤ ፈቃዱ ግን ለየልጁ የሚሰጥ ሆኖ ሰዓቱንና ሁኔታውን መወሰን አለበት። ስለዚህ ፕሮዲዩሰሩን «የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተው የከተማው ጽሕፈት ቤት ዘንድ አብረን እንሂድና በጽሑፍ እንነጋገር» ይበሉት። ቅን የሆነ ፕሮዲዩሰር አይቀየምም። «ለልጅ ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» ብሎ የሚያጣጥልዎት ከሆነ ደግሞ ሌላውን ነገር እንዴት እንደሚይዘው ከወዲሁ አሳይቶዎታል።

ለ15 ዓመት ልጅ 7 ሰዓት ጣራ ከሆነ ለ11 ዓመት ልጅ ከዚያ በጣም ማነስ አለበት። የእኛ ምክር ሜካፕና መጠበቅ ተቆጥሮ በቀን 4 ሰዓት ነው፤ በትምህርት ቀን ደግሞ ጭራሽ አይሁን። መጠበቁ ይቆጠር የምንልበት ምክንያት አለን። ልጅን የሚያደክመው ትወናው አይደለም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሦስት ሰዓት መጠበቁ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ታዋቂዎቹ ተዋናዮች ለመሄድ ስለሚቸኩሉ የእነሱ ትዕይንት ይቀድማል፣ የልጁ ወደ ከሰዓት ይገፋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጣና ላይ ነፋስ ይነሣል፤ ማይክሮፎኑ ይንሾካሾካል፣ ታንኳው አንድ ቦታ አይቆምም፣ የደከመው ልጅ ቃል ይስታል። አንድ ትዕይንት አሥር ጊዜ ይደገምና በመጨረሻ ጥፋቱ የልጁ ይሆናል። ስለዚህ ውሉ ላይ «የልጁ ትዕይንቶች ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ይቀረጻሉ» ብለው ያስጽፉ። ሐይቁ የሚረጋውም ብርሃኑ የሚለሰልሰውም ያኔ ስለሆነ ለካሜራ ባለሙያውም ይሻለዋል።

ክፍያው በድራማው ክፍል ብዛት ሳይሆን በቀን ይሁን። በክፍል ከተስማሙ ሦስት ቀን የተባለው ቀረጻ ስምንት ቀን ቢፈጅ የአምስቱ ቀን ኪሳራ የእናንተ ነው። በኋላ ድምፅ ብቻ ለመቅዳት ቢጠሩት ያም ራሱን የቻለ ቀን ነው። ምስሉን ለማስታወቂያ፣ ለፖስተር ወይም ለማኅበራዊ ሚዲያ ቁርጥራጭ መጠቀም ከፈለጉ በሌላ ስምምነትና በሌላ ክፍያ ይሁን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 «ከዋኝ» የሚለውን፣ ተዋናይን ጭምር፣ በግልጽ ጠቅሶ ጥበቃ ያደርግለታልና ይህን ስትጠይቁ ልመና አይደለም። የልጁ ሙሉ ስም፣ ከነአባቱ፣ በተዋንያን ዝርዝር ውስጥ እንዲጻፍ፣ ድራማው ከታየ በኋላም የእሱ ትዕይንቶች በፍላሽ እንዲሰጧችሁ አስጽፉ። ይህ የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ልጁ «ተውኛለሁ» ሲል የሚያሳየው ያ ፍላሽ ብቻ ነው። ኩባንያ ይዘጋል፣ ሃርድ ዲስክ ይበላሻል፤ ፋይሉን የሚያስቀምጥለት ሰው የለም።

ውኃ ውስጥ ይገባል ወይ ብለው ይጠይቁ። የጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለበት። ተባዩ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውኃው ውስጥ ይዋኝና በቆዳ በኩል ይገባል፤ ጉልበት ድረስ መቆምም በቂው ነው። ደንገል የበቀለበት ረግረግ ለካሜራ ያምራል፣ ቀንድ አውጣውም የሚወደው እሱን ነው። ልጁ ያኔ ምንም አይሰማው ይሆናል፤ ሳይታከም ከቆየ ግን ጉበቱ የሚጎዳው ካደገ በኋላ ነው። ከተቻለ ትዕይንቱ ታንኳው ላይ ወይም ደረቅ ዳር ላይ ይሁን። የግድ ከሆነ ከውኃው ሲወጣ ወዲያው በፎጣ ጠበቅ አድርገው ያድርቁት፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይተውም የሰገራ ምርመራ ያስደርጉለት። ቢገኝበት ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፤ መጠኑን በክብደቱ የሚወስነው ሐኪም ነው። ታንኳ ላይ ደግሞ የሕይወት ጃኬቱ የልጅ ልክ ይሁን። የአዋቂ ጃኬት ልጅ ውኃ ሲገባ በአንገቱ ሾልኮ ይወጣል። ልብሱ ሥር እንዳይታይ ከፈለጉ ቀጭኑን ይፈልጉ እንጂ ለአንድ ቀረጻ ብለው አያውልቁት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የልጁን የልደት ምስክር ወረቀትና የእርስዎን መታወቂያ ይዘው ባንክ ይሂዱ፤ ወላጅ የሚያንቀሳቅሰው የልጅ የቁጠባ ሂሳብ ይክፈቱ። ፕሮዲዩሰሩ በጥሬው ሳይሆን በቀጥታ ወደዚያ ሂሳብ ያስገባ። ለምሳሌ በቀን 1,500 ብር 10 ቀን ቢሠራ 15,000 ብር ነው። በካሊፎርኒያው ልክ 15 በመቶ ቢሉ 2,250 ብር ብቻ ይቀመጣል። ይህ ትንሹ ነው፤ እኛ ግማሹን፣ 7,500 ብሩን፣ እንዳይነኩት እንመክራለን። ቀሪው ለትራንስፖርት፣ ለልብሱ፣ ለትምህርት ቤቱ ይሁን። በአንድ ደብተር ላይ ቀኑን፣ የገባውን፣ የወጣውንና ምክንያቱን ይጻፉ፤ ልጁም ይፈርምበት። 11 ዓመት የሞላው ልጅ የራሱን ገንዘብ መቁጠር ይችላል። ሸርሊ ቴምፕል በልጅነቷ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሠርታ፣ አግብታና ወልዳ በ22 ዓመቷ ሂሳቡን ስታይ የቀረላት 44 ሺሕ ብቻ ነበር። ወላጆቿ ሌቦች አልነበሩም፤ ደብተሩን ያሳያት ሰው ግን አልነበረም።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምንዎታለን፦ ልጁን ለመከተል ብለው የራስዎን ሥራ አይተዉ። የቤቱ ወጪ በልጁ ትወና ላይ ከተንጠለጠለ ልጁ «ደከመኝ» የማለት መብቱን ያጣል። ይህን ደግሞ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ በ9 ዓመቴ የተወንኩበት ድራማ ታዋቂ ነበር። አሁን 21 ዓመቴ ነው፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ኢንጂነሪንግ እማራለሁ። መንገድ ላይ እስካሁን በገጸ ባሕሪው ስም ይጠሩኛል። ለአዲስ ሥራ ለተዋናይ ምርጫ ስሄድ ግን «አይ፣ አደግክ» ብለው ይመልሱኛል። አራት ጊዜ ሆነ። ትወናውን ልተወው? (ወጣት፣ ከቀበሌ 14)

መልስ፦ ወንድማችን፣ አራት ጊዜ መመለስ በዚህ ሙያ ገና መጀመሪያ ነው። «አደግክ» ያሉህ ግን እውነት ስላለበት እሱን እንፍታው።

በ9 ዓመትህ የመረጡህ በቁመትህ፣ በድምፅህና በፊትህ ነው፤ እነዚያ ሦስቱ ዛሬ የሉም። ችሎታህን አልጣሉትም፣ ገና አላዩትም። ሌላም አለ። ከልጅ ጋር የሚሠራ አዘጋጅ ብዙ ጊዜ ድርሰት አያስጠናም፤ «በሩን ክፈትና እማዬን ፈልጋት» ይለዋል፣ መስመሩን ቃል በቃል እየነገረ ያስብለዋል፣ ልጁ በእውነት ሲደነግጥ ካሜራው ይይዘዋል። ውጤቱ ያምራል። ልጁ ግን አንድን ትዕይንት አንብቦ «ይህ ሰው ምን ይፈልጋል? ማን ከለከለው?» ብሎ መፍታት ሳይማር ያድጋል። በልጅነታቸው የተወኑ ብዙዎች 20 ዓመት ሲሞላቸው የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። የድሮውን ልማድ ይደግማሉ፦ ዓይን ማፍጠጥ፣ ድምፅን ማቅጠን፣ «ቁረጥ» ሲባል ወዲያው ወደ አዘጋጁ ዞሮ «ጎበዝ» መባልን መጠበቅ። ያ የመጨረሻው ሳታውቀው የሚወጣ ነውና ራስህን ቅረጽና ተመልከተው። ትዕይንቱ ካለቀ በኋላ ያሉትን አምስት ሰከንዶች እይ፤ ዓይንህ ወዴት ሄደ?

ለሁለት ወር ይህን ሥራ። እያንዳንዳቸው ከአንድ ደቂቃ ያልበለጡ ሁለት የአንድ ሰው ንግግሮች አጥና፤ አንዱ በአንተ ዕድሜ ያለ የተናደደ ሰው፣ ሌላው ዝም የሚል፣ የሚደብቅ። በስልክ ስትቀርጽ ስልኩን በዓይንህ ቁመት ልክ አቁመው፤ ከታች ከተቀረጸ አገጭ ብቻ ይታያል። መስኮት ፊት ለፊትህ ይሁን እንጂ ከጀርባህ አይሁን። ሐይቁ ዳር አትቅረጽ፤ ጀርባው ቢያምርም ነፋሱ ድምፅህን ይበላዋል፣ የሚያይህም ሰው ውኃውን ነው የሚያየው። አንድ ቀለም ያለው ግድግዳ ይበቃል። ሙዚቃ አትጨምር። የሚመልስልህ ሰው ከስልኩ ጎን ይቁም፣ ድምፁም ከአንተ ዝቅ ይበል።

ከዚያ ችሎታህን የሚያሳየውን ቪዲዮ ስታቀናብር ከሁለት ደቂቃ አታስበልጠው፤ የዛሬው አንተ ይቅደም። የ9 ዓመቱ ትዕይንት መጨረሻ ላይ አሥር ሰከንድ ብቻ ይምጣ። ብዙዎች ታዋቂውን የልጅነት ትዕይንት ያስቀድማሉ። መራጩ ያን ሕፃን ካየ በኋላ አንተን ሲያይ ከሕፃኑ ጋር ያመዛዝንሃል፤ በዚያ ሚዛን ደግሞ ማንም አያሸንፍም። ፎቶህንም እንደዚሁ በዚህ ዓመት የተነሣ፣ ሳቅ የሌለበት አንድ፣ ከወገብ በላይ አንድ አድርገው።

መድረክን አትናቅ። ካሜራ ያሳደገው ልጅ ድምፁ ቅርብ ነው፤ አንድ ክንድ ላይ ላለ ማይክሮፎን ነው የለመደው። ባሕር ዳር ሙሉዓለም አዳራሽ መጨረሻ ወንበር ላይ ላለ ሰው ሳይጮህ መድረስን ስትለምድ እስትንፋስህም አቋምህም ይለወጣል። በዩኒቨርሲቲህ ያለ የኪነት ክበብ ለዚህ መነሻ ይሆናል። ከዚያም ገፍተህ ለመማር ከቆረጥክ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የትያትር ጥበባት ትምህርት ክፍል አለ። እያንዳንዱን ምርጫ በደብተር ጻፍ፦ ቀኑን፣ ገጸ ባሕሪውን፣ ያሉህን። ሃያ ከሞላ በኋላ አንብበው። ሃያውም «አደግክ» የሚል ከሆነ ያቀረብከው ነገር ገና የ9 ዓመቱን ልጅ ያሳያል ማለት ነው። መልሱ እየተለያየ ከመጣ ግን እንደ አዋቂ ተዋናይ ማየት ጀምረዋል።

ኢንጂነሪንጉን ግን አትልቀቅ። ሁለት ሰዎችን እንንገርህ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 በአንድ ፊልም ላይ አብረው የተወኑ ልጆች ናቸው። አንዱ ኬ ሁይ ኳን በሳይጎን የተወለደ ስደተኛ ሲሆን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም በሌላ ትልቅ ፊልም ታይቷል። ሲያድግ ለእስያ ልጅ የሚሰጥ ክፍል ጠፋ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊልም ተማረ፤ ከካሜራ ጀርባም የድብድብ ትዕይንት በማቀናበር ሠራ። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ትወና ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2023 በረዳት ተዋናይነት ኦስካር ወሰደ። ሌላው ጄፍ ኮኸን ወፍራሙን ልጅ የተወነው ነው። ጎረምሳ ሲሆን ውፍረቱ ጠፋ፣ ከእሱ ጋር ሥራውም ጠፋ። ሕግ ተማረ፣ የመዝናኛ ጠበቃ ሆነ። ኳን ኦስካር ላሸነፈበት ፊልም የተዋዋለለትም እሱ ነው። የአንዱ መንገድ ከሌላው አይበልጥም፤ ሁለቱም ግን በመሐሉ ባሉት ዓመታት ሌላ ነገር ይዘው ነበር።

በመሐሉ በትወናው አካባቢ የሚሠራም አለ። ልጅ ተዋናዮችን ቀረጻ ላይ የሚይዝ ረዳት ብዙ ቦታ የለም። መሬት ላይ የተለጠፈው ምልክት ላይ ዝቅ ብሎ ሳያዩ መቆም፣ በድጋሚው ላይ ኩባያውን በዚያው እጅ መያዝ፣ ካሜራው እስኪዞር ዝም ብሎ መቀመጥ፤ እነዚህን ለልጅ በልጅ ቋንቋ ማስረዳት የሚችለው አንድ ጊዜ ልጅ ሆኖ ያደረገው ሰው ነው። የውጭ ድራማ ወደ አማርኛ የሚመለስበት የድምፅ ሥራና የሬዲዮ ድራማም አሉ፤ እዚያ ፊትህ ስለማይታይ «አደግክ» የሚልህ የለም።

ጥያቄ፦ ጎርጎራ የምኖር የ15 ዓመት ልጅ ነኝ። በትምህርት ቤት ድራማ ዋና ገጸ ባሕሪ ሆኜ እተውናለሁ። አጎቴ «ልጅ ሆና የተወነች ሴት መጨረሻዋ አያምርም» ይላል። እውነት ነው? (ተማሪ)

መልስ፦ አጎትሽ የሚያስብልሽ ሰው ነውና በአክብሮት መልሺለት፤ ግን እውነት አይደለም። ቀደም ብለን ያነሣናት ሸርሊ ቴምፕል በ22 ዓመቷ ፊልም አቁማ በኋላ ዲፕሎማት ሆነች፤ እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1976 በጋና፣ ከ1989 እስከ 1992 በቼኮዝሎቫኪያ የአገሯ አምባሳደር ነበረች። ጆዲ ፎስተር በሦስት ዓመቷ በማስታወቂያ ጀመረች፤ ታዋቂ ከሆነች በኋላ ትወናውን ቀንሳ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ተምራ እ.ኤ.አ. በ1985 ተመረቀች፣ ከዚያ በኋላም ሁለት ኦስካር ወሰደች፣ አዘጋጅም ሆነች። ሁለቱም በየምክንያታቸው ከካሜራው የራቁበት ጊዜ ነበራቸው። የአንቺ ድራማ ልምምድ ከፈተናሽ ሳምንት ጋር ከተጋጨ የፈተናውን አስቀድሚ፣ ይህንንም ለአጎትሽ ንገሪው። ስጋቱ ምናልባት እሱ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ በሬዲዮ ድራማ ውስጥ የትንሽ ልጅ ድምፅ ይሰጣል። ሰሞኑን ድምፁ በመሐል ይሰነጠቃል፣ እሱም አፍሮ ይጮሃል። ሥራው አለቀ ማለት ነው? (አባት፣ ከበላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ይህኛው ሥራው እያለቀ ነው፣ ድምፁ ግን አላለቀም። በዚህ ዕድሜ ማንቁርት ያድጋል፣ የድምፅ አውታሮቹ ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉ፤ የወንድ ልጅ ድምፅ በአንድ ኦክታቭ (በሙዚቃ ስምንት የድምፅ እርከን) ያህል ይወርዳል። መሰነጠቁ ጡንቻው አዲሱን ልክ ገና ስላልለመደ ነው። ጉዳት የሚመጣው ልጁ የድሮውን ቀጭን ድምፅ በግድ ለማውጣት ሲታገል ነው፤ ጉሮሮው ይጠብቃል፣ ድምፁ ይሻክራል። ለአዘጋጁ ዛሬውኑ ይንገሩትና የቀሩትን ክፍሎች በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በጠዋት፣ በየቀኑ ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ይቅዱት። ወይም ደራሲው ገጸ ባሕሪውን ያሳድገው፤ ሬዲዮ ላይ አንድ ዓመት ለማለፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ውኃ ይጠጣ፣ ኳስ ሜዳ ላይ አይጩህ፣ ጉሮሮውን ደጋግሞ አይጥረግ። ከሦስት ሳምንት በላይ ያለ ጉንፋን ከሻከረ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው። ድምፁ እስኪረጋ ድረስ በየወሩ አንድ ገጽ እያነበበ በስልክ ይቅዱት፤ ልጁ ራሱ አዲሱ ድምፁ ሲመጣ ሲሰማው ማፈሩ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ትንሹ ወንድሜ በአንድ ድራማ ላይ ሌባ ልጅ ሆኖ ተውኗል። ትምህርት ቤት «ሌባው» ይሉታል፤ መሄድ አልፈልግም እያለ ነው። (እህት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ይቁም። ዘመድ ሲመጣ «ያችን ነገር በላቸው እስኪ» እያላችሁ የድራማውን ቃል የምታስብሉት ከሆነ ስሙን የለጠፋችሁበት እናንተም ናችሁ። በራሱ ስም ጥሩት፣ እንግዳም በሌላ ስም ሲጠራው በእርጋታ አርሙት። ቀጥሎ የክፍሉን ኃላፊ መምህር ለብቻ አነጋግሪ። ልጆቹን መቅጣት አይጠቅምም፤ ስሙን ያጠነክረዋል። መምህሩ በአንድ ክፍለ ጊዜ ወንድምሽ ቀረጻ እንዴት እንደሚሠራ እንዲያሳይ ቢያደርግ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሰረቀው ቦርሳ ውስጥ ጋዜጣ እንደነበር፣ የሮጠው አንድ ቦታ ስድስት ጊዜ እንደሆነ፣ ያለቀሰው ሽንኩርት ተይዞለት እንደሆነ ይንገራቸው፤ ሁለት ልጆችም አስነሥቶ ትዕይንቱን ያስተውናቸው። አንዱ ሌባ ሲሆን ወንድምሽ አዘጋጅ ይሁን። የቀጣዩን ሥራ ግን አሁን አትቀበሉ። ከመጣም ተመሳሳይ ገጸ ባሕሪ አይሁን፤ ሁለት ጊዜ ሌባ ሆኖ የታየን ልጅ መራጮችም ለሦስተኛ ጊዜ የሚጠሩት ለዚያው ነው።